የጎርፍ ሜዳ ቀብር

በ2078 ዓ.ም. የግንቦት የመጀመሪያው እሑድ፣ ድሬዳዋ ጎርፍ ሜዳ ላይ በተደረገው የሊግ ጨዋታ አርባ አንድ ተመልካች ተገኘ። ከአርባ አንዱ ስድስቱ ፖሊሶች፣ ሁለቱ የአምቡላንስ ሰዎች፣ አንዷ ደግሞ የጠፋች ፍየሏን ልትፈልግ የገባች ሴት ነበረች። ሴትዮዋ በበሩ ቆጣሪ ሥር ስላለፈች ተቆጠረች። ፍየሏም ብትገኝ ኖሮ ሳትቆጠር አትቀርም ነበር፤ እንደዚያ ዓይነት ዘመን ነው። ጎርፍ ስፖርት ክለብ ሦስት ለባዶ ተሸነፈ። በገዛ ሜዳው ጎል ካገባ ሰባት ወር አልፎታል።

ከቀሩት ሠላሳ ሁለት ሰዎች አንዱ ሸምሰዲን ነው፤ ድሬ ሸምሱ ይለዋል። ዕድሜው ስልሳ ሦስት ነው፤ ከአሥራ ስምንት ዓመቱ ጀምሮ የጎርፍ አስጨፋሪ ነው። ከበሮውን አንግቶ አጥሩ ላይ ይወጣል፣ ይጀምራል፣ ሕዝቡ ይቀበለዋል። ይቀበለው ነበር ማለት ይሻላል። አሁን እሱ ሲጀምር የሚመልስለት ከደረቁ ወንዝ ማዶ ያለው የመጋዘን ግድግዳ ነው።

እንጀራው ጥላ መስፋት ነው። የድሬን መንገዶች ከዳር እስከ ዳር የሸፈነውን ሸራ፣ ነፋስ ሲቀደው፣ እየተንጠላጠለ የሚሰፋው እሱ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያለ ፀሐይ ወረቀት ከሸራው ውጭ መታየት አይቻልም። ከታየህ በየማዕዘኑ የቆመው ምሰሶ ስምህን ከነአባትህ ይጠራና “እባክዎ ወደ ጥላ ይግቡ” ይልሃል። ሦስት ጊዜ ተጠርተህ ካልገባህ የቤትህ ማቀዝቀዣ ሁለት ቀን ይዘጋል። የድሬን ሰው ከቅጣቱ ይልቅ የሚያበግነው አንቱታው ነው። ድሬ ላይ ሽማግሌውም ሕፃኑም “አንተ” ነው፤ “እርስዎ” የሚልህ ወይ እንግዳ ነው ወይ ጠልቶሃል።

የፀሐይ ወረቀት ለሥራ ይሰጣል፣ ለምጥ ይሰጣል። ለኳስ አይሰጥም። ጨዋታውን አሥር ሰዓት ላይ ያደረጉት በየቤቱ በግድግዳው ስክሪን የሚያየው የአገሪቱ ሕዝብ ያ ሰዓት ስለሚመቸው ነው። እሱም ቢሆን ዘጠናውን ደቂቃ አያይም። አሥራ አንድ ደቂቃ ተደርጎ የተጨመቀውን ነው የሚያየው፤ ሰው “ጭማቂ” ይለዋል። ጭማቂው ውስጥ ውርወራ የለም፣ ጉዳት የለም፣ ሸምሱም የለም።

በዚያ ሳምንት የጎርፍ ሜዳ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሜዳው በጣሪያ ሊሸፈን ታስቧል ይላል። በአገሪቱ የቀረው ክፍት ስታዲየም እሱ ብቻ ነበር። ሸምሱ ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። ማክሰኞ ጠዋት የተመልካች ጉዳይ ባለሥልጣን ቢሮ ሄደ።

ኃላፊው አቶ ልዑልሰገድ ይባላሉ። ከሌላ ከተማ ተሹመው ከመጡ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ድሬ ላይ ኮት ለብሰው ላብ ያልነካቸው ሰው ናቸው።

“ይቀመጡ አባባ” አሉት።

“አባባህ አይደለሁም። ሸምሱ በለኝ።”

“እሺ አቶ ሸምሰዲን። ምን እንታዘዝ?”

“በሩ ላይ የለጠፋችሁትን አንሱልን። ጣሪያ አንፈልግም።”

“ማን ነው የማይፈልገው?”

“እኛ።”

አቶ ልዑልሰገድ ጠረጴዛቸውን ዳሰስ አድርገው የእሑዱን ቁጥር አወጡ። “አርባ አንድ ናችሁ” አሉ። “ፖሊሶቹን ጨምሮ።” የፍየሏን ሴት አላነሱም፤ ጨዋ ናቸው።

ከዚያ ስለ ጣሪያ አስረዱት። ከጣሪያው ሥር ሃያ አራት ዲግሪ ነው። አቧራ የለም፣ ዝናብ የለም፣ ተጫዋች በሙቀት አይወድቅም። አሥራ አንድ ከተማ ተሸፍኗል።

“ከሸፈናችሁት ወዲህ ሰው ገባ?” አለ ሸምሱ።

“ድምፅ ገባ። የየከተማው ሕዝብ ድሮ የጮኸው ተቀድቶ ተቀምጧል። ጎል ሲገባ ይለቀቃል። በግድግዳ ለሚያየው ሰው ልዩነት የለውም።”

“የሞተ ሰው ነዋ የምታስጮኹት።”

“ከሞቱትም አሉበት” አሉ ልዑልሰገድ፣ ምንም ሳይመስላቸው። “የድሬ ግን የለንም። ብንፈልግ ብንፈልግ አንድ ንጹሕ ቅጂ አጣን። ያሳዝናል።”

ሸምሱ ንዴቱን ዋጥ አደረገው። ሊለምን ነው የመጣው። “አቦ ልዑልሰገድ፣ በቀጥታ ንገረኝ። ስንት ሰው ቢመጣ ትተዉናላችሁ?”

“ሁለት ሺህ። በአንድ ጨዋታ ሁለት ሺህ ሰው በአካል ይገኝ። ያለ ሕዝቡ ፈቃድ አንዲት ብረት አንተክልም። በጽሑፍ ልስጥዎት?”

በጽሑፍ ሰጡት፤ ማኅተምም አለበት። ሸምሱ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። በኋላ ሰዎች ሞኝ አሉት። ሞኝስ አልነበረም፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር።

የቀረው ጨዋታ አንድ ብቻ ነው፣ አይሸነፍም የሚባል ቡድን ነው የሚመጣው፣ እስከዚያም ያለው ሦስት ሳምንት ነው። ሸምሱ የመጀመሪያውን ሳምንት በየቤቱ ሲንከራተት ጨረሰው። ሰው በሩን በስንጥቁ ብቻ ከፍቶ ያናግረዋል፤ ቅዝቃዜው እንዳይወጣበት። አንዱ “ዘጠና ደቂቃ ምን ሊሠራልኝ?” አለው። አንዱ “ማቀዝቀዣዬን ልታስዘጋብኝ ነው?” አለው። አንዷ ደግሞ ውሃ በኩባያ አቀበለችውና ጠጥቶ እስኪመልስ ቆማ ጠብቃ ዘጋችበት። በሳምንቱ መጨረሻ እመጣለሁ ያለው አሥራ ዘጠኝ ሰው ነበር፤ ከእነሱም አራቱ ይዋሻሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ዕለት መሰላል ላይ ሆኖ ሸራ ሲሰፋ በሥሩ ቀብር አለፈ። አራት መቶ ሰው ይሆናል። ሸራው ከሚያልቅበት ወጥተው በጠራራው ፀሐይ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ወደ መቃብሩ ይሄዳሉ። ምሰሶው አንድም ስም አልጠራም። ሸምሱ መርፌውን እንደያዘ ቆሞ አየ። ሕጉ የማይነካው አንድ ነገር ይሄ ነበር፤ ለቀብር የፀሐይ ወረቀት አይጠየቅም። ሰው ለኳስ አይወጣም። ለሠርግም እንደ ነገሩ ነው የሚወጣው። ለቀብር ግን ይወጣል፣ ምክንያቱም ያልወጣ ሰው እሱም ሲሞት የሚሸከመው ያጣል።

ከመሰላሉ ወርዶ በቀጥታ ጥሩወርቅ ቤት ሄደ። ጥሩወርቅ የሰፈሩ አፎሻ ሊቀመንበር ናት፤ ሌላው አገር እድር የሚለውን ድሬ አፎሻ ይለዋል። ሰባ ዓመት አልፏታል፣ ምላሷ ጤፍ ይቆላል፣ ሟች ባሏም ለጎርፍ አሥር ዓመት በረኛ ነበር።

“የሞት መዝገቡን አምጪው” አላት።

“ማን ሞተ?”

“ጎርፍ ሜዳ።”

ጥሩወርቅ ከላይ እስከ ታች አየችው። “ፀሐዩ መትቶሃል” አለች። “ግባና ራስህ ላይ ውሃ አፍስስ።”

ነገራት። ጣሪያውን፣ ሁለት ሺውን፣ ወረቀቱን። ወረቀቱን ተቀብላ ማኅተሙን በጥፍሯ ፈተገችው።

“አፎሻ የሚቀብረው አባሉን ነው” አለች። “ሜዳው አባል ነበር ወይ ቢሉኝ ምን ልመልስ?”

“ከአንቺም ከእኔም በፊት ነው የገባው በያቸው። ባልሽ ስንት ዓመት ነው እዚያ አፈር ላይ የተንከባለለው? ሬሳው ሲወጣ በየት በኩል ዞሮ ነው የሄደው?”

“በሜዳው በኩል።”

“እኮ።”

“ተንከባሎ ተንከባሎ ጉልበቱን ጨርሶ ነው እኔ ላይ የወደቀው” አለች ጥሩወርቅ። “እኔ ያንን ሜዳ አልወደውም። ኳስም አልወድም። ጭማቂውን አያለሁ፣ እሱም ወጥ እስኪሞቅ ነው።” ይህን እያለች መዝገቡን ከመሳቢያው አወጣች። “ልዑልሰገድን ግን ከሜዳውም ይበልጥ አልወደውም። ባለፈው ‘እናታችን’ ብሎኛል።” ጻፈች። ሟች፦ ጎርፍ ሜዳ። ዕድሜ፦ መቶ አራት። ቀብር፦ እሑድ፣ አሥር ሰዓት።

ጥሩወርቅ ለሌሎቹ አፎሻዎች ሊቀመንበሮች መርዶውን አስተላለፈች። እነሱም ተሳደቡ፣ ሳቁ፣ መዘገቡ። ሸምሱ ጡሩምባ ተሸክሞ ጎህ ሲቀድ በየሰፈሩ ዞረ። “ጎርፍ ሜዳ አርፏል። ቀብሩ እሑድ አሥር ሰዓት ነው። ያልወጣ፣ ለእሱም አይወጣለት” እያለ ለፈፈ። ከመስኮት የሚሰድበው ሰው ብዙ ነበር። ግን የአፎሻ ጡሩምባ ሰምቶ የሚቀር ሰው ድሬ ላይ ገና አልተወለደም።

እሑድ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ አራት ሰው ገባ።

ነጠላ አዘቅዝቀው የመጡ ነበሩ። ጃንጥላ ይዘው፣ እርጥብ ፎጣ አናታቸው ላይ ጥለው የመጡ ነበሩ። የሁሉም ፊት ክፉ ነበር። ደረጃው ትኩስ ነው ብለው ሸምሱን ሰደቡት፣ ውሃ የት አለ ብለው ሰደቡት፣ ሟቹ በሕይወት አለ እኮ ብለውም ሰደቡት። ምሰሶዎቹ በሩ አጠገብ ቆመው ትንፍሽ አላሉም። ሸምሱ አጥሩ ላይ ወጣ። ሃያ ዓመት ያላየውን ነገር አየ፤ ከደረጃው ሥር እስከ ላይ ሰው። ከዚያ ከበሮውን መታ፣ ጀመረ፣ ሕዝቡም ተቀበለው።

መጀመሪያ እየተነጫነጩ ነበር የተቀበሉት። በሃያኛው ደቂቃ ግን ንጭንጩ ወደ እንግዳው ቡድን ዞረ። ሁለት ሺህ ሰው ስድስት ዓመት ቤት ውስጥ ያጠራቀመውን ብስጭት አሥራ አንድ ሰው ላይ አወረደው። የእንግዳው በረኛ ሁለት ጊዜ ኳስ ከእጁ አመለጠው። ልጆቹ አንዲት ኳስ ሰማይ ድረስ ስትሄድና ስትመለስ አይተው አያውቁም ነበርና አንገታቸውን አቅንተው ቀሩ። ጥሩወርቅ በፎጣዋ እየተናፈሰች “ይሄ ልጅ ማን ነው?” አለች፤ ኢብሳ የሚባለውን የጎርፍ አጥቂ እያየች። “እግሩ ደህና ነው፤ ጭማቂ ላይ አላየሁትም።” ግማሹ ባዶ ለባዶ አለቀ።

በእረፍቱ አቶ ልዑልሰገድ ማይክራፎን ይዘው ሜዳው መሐል ቆሙ። ኮት ለብሰዋል።

“የተከበራችሁ የድሬዳዋ ነዋሪዎች” አሉ። “መሥሪያ ቤታችን ይህን ሜዳ ለመሸፈን የሕዝብ ውይይት ማድረግ ነበረበት። ሕጉ በውይይቱ ሁለት ሺህ ነዋሪ በአካል ይገኝ ይላል። ስድስት ዓመት ስንጠራችሁ ሠላሳ ሰው እንኳ አልመጣልንም፤ ያለ እናንተም አንዲት ብረት አልተከልንም። ዛሬ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ይህ እንዲሆን ለደከሙት ለአቶ ሸምሰዲን ምስጋናዬን አቀርባለሁ።”

ሁለት ሺህ ራስ ወደ ሸምሱ ዞረ። እሱ አጥሩ ላይ ነበር። ስድስት ዓመት በባዶው ደረጃ ፊት ከበሮ እየመታ ሲያለቅስለት የኖረው ባዶነት፣ ለካ ሜዳውን ሲጠብቅ የነበረው እሱ ነው። ሰው አለመምጣቱ ነበር ጣሪያውን ያስቀረው። አጥሩን በሁለት እጁ ያዘ።

ልዑልሰገድ ቀጠሉ። ውሳኔው እንደ አገሩ ልማድ በድምፅና በጭብጨባ ነው፤ የደገፈ ድምፁን ያሰማል፣ የተቃወመ ዝም ይላል። በየደረጃው ያሉት መለኪያዎች ይቆጥራሉ። ሕዝቡ አስቦበት እንዲወስን ጊዜው ሰፋ ተደርጓል፤ ሁለተኛው ግማሽ ከተጀመረ እስከ ሃያኛው ደቂቃ። “መልካም ጨዋታ” ብለው ወደ ጥላቸው ሄዱ።

ከደረጃው ስድብ ሊነሳ ሲል ሸምሱ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ከበሮውን ከአንገቱ አወጣ። ከአጥሩ ወርዶ፣ ሕዝቡ እንዲያየው አድርጎ፣ መሬት ላይ አፉን ደፋውና ተመልሶ ወጣ። ከዚያ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። አርባ አምስት ዓመት ሰው ሲያስጮኽ የኖረ ሰው ነው፤ ዝም በሉ ሲል ገባቸው። ስድቡ ከፊት ረድፍ ጀምሮ እየሞተ ወደ ላይ ሄደ።

ጨዋታው ተጀመረ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ አራት ሰው ትንፍሽ አይልም። የተጫዋቾቹ ጫማ አፈሩን ሲቧጭር ይሰማል። የእንግዳው በረኛ የሚተነፍሰው ይሰማል። ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ራሱ ደነገጠ። ልጅ ሊያለቅስ ሲል እናቱ ጡቷን አጎረሰችው። አንድ ሽማግሌ ሳል ይዞት ፎጣውን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ ዓይኑ ቀላ። በአምስተኛው ደቂቃ፣ በስምንተኛው ደቂቃ፣ ምንም። ሸምሱ አጥሩ ላይ ሆኖ አንድ በአንድ ያያቸዋል። በዚያች ሰዓት ወደዳቸው። እንደዚያ ቀን አንድ ላይ የሆነ ሕዝብ፣ ሲጮኽም እንኳ፣ አይቶ አያውቅም።

በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ኢብሳ ከሩቅ የመታት ኳስ ብረቱን መትታ ተመለሰች። ደረጃው በሙሉ ተነሳ፣ አፍ በሙሉ ተከፈተ፣ ድምፅ አልወጣም። ጥሩወርቅ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቀረች። ልዑልሰገድ ከጥላቸው ሥር ሰዓታቸውን አዩ። ላብ ግንባራቸው ላይ ነበር፤ ሸምሱ አየው፣ ደስም አለው።

አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንት።

በአሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ኳሷ በግራ በኩል መጣች። ኢብሳ አንዱን አለፈ። ሁለተኛውን አለፈ። በሜዳው ሰባት ወር ጎል አልባ የሆነ ክለብ ነው፣ አፈሩ ቦነነ፣ በረኛው ወጣ፣ ኢብሳ በእግሩ ጫፍ ከፍ አደረጋት፤ ኳሷ ከበረኛው በላይ ሆና ሰማዩ ላይ አንድ አፍታ ቆመች። ሁሉም ሰው ቀና አለ። ወረደች። መረቡን ነካች።

ሜዳው ዝም አለ።

ከዚያ አንድ ድምፅ “ጎል” አለ።

የሻከረ የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ ብቻውን። ሸምሱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ዞር ሊል ሲል የራሱ አፍ ተከፍቶ አገኘው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ግማሽ ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሦስት ሰው ተቀበለው። እንደ ልማዱ። እሱ ይጀምራል፣ እነሱ ይቀበላሉ። ኮርቻው እንደተፈታ በቅሎ ዘለሉ፣ ተቃቀፉ፣ ጃንጥላቸውን ወረወሩ፣ እንባቸው ወረደ፣ ሸምሱም እያለቀሰ ይጮኻል፣ መቆም አልቻለም፣ ሃያኛው ደቂቃ አልፎ ሃያ አንደኛው እስኪገባ ይጮኻል። ጎርፍ አንድ ለባዶ አሸነፈ። ጣሪያው በሕዝቡ ሙሉ ድጋፍ ጸደቀ።

ሲወጡ ማንም አላናገረው። የሰደበውም የለም። ቀብር አድርሶ እንደሚመለስ ሰው አንገታቸውን ደፍተው በአጠገቡ አለፉ፤ ከጥቂት ሜትር በኋላ ምሰሶዎቹ ስማቸውን መጥራት ጀመሩ።

ጣሪያው በዓመት ከሁለት ወር አለቀ። ለምረቃው ጨዋታ ለሸምሱ የጥሪ ወረቀትና “ለላቀ ተሳትፎ” የሚል የምስክር ወረቀት ደረሰው፤ የክብር መቀመጫ ቁጥር አንድ። አልሄድም ብሎ ነበር። ጥሩወርቅ “ቀብር ጀምሮ ሰልስት የሚቀር ሰው የለም” ብላ ጎትታ ወሰደችው። ውስጡ ሃያ አራት ዲግሪ ነው፣ ወለሉ ያብረቀርቃል፣ አቧራ የለም። ስምንት ሺህ መቀመጫ አለው። የተቀመጡት እነሱን ጨምሮ ዘጠኝ ነበሩ። ጥሩወርቅ ብርድ ሆነባትና ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች።

በሠላሳ አንደኛው ደቂቃ እንግዳው ቡድን አገባ።

አንዲት ሴኮንድ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከጣሪያው ከአራቱም ማዕዘን አንድ የሻከረ የሽማግሌ ድምፅ “ጎል” አለ፣ ብቻውን። ግማሽ ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ሁለት ሺህ ሰው ተቀበለው። ባዶው መቀመጫ ተንቀጠቀጠ። የእንግዳው ተጫዋቾች ወደ ባዶው ደረጃ ሮጠው እጃቸውን አውለበለቡ።

“አንተ ነህ” አለች ጥሩወርቅ።

ሸምሱ ከንፈሩን ገጥሞ ይዞ ነበር። ድምፁ ግን ከላይ እየጮኸ፣ እያለቀሰ፣ እየደጋገመ ቆየ፤ እንግዳው ቡድን ደስታውን ጨርሶ እስኪመለስ ድረስ አላቆመም።